የጸዳ ስልክ

መጋቢት 11 ቀን 2009፣ ሰኞ፣ ፍኖተ ሰላም

ሥራ ያዝኩ። ሦስት ወር ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሥራ ነው። ይህን ደብተር የገዛሁት ለጥናቱ ነበር። ቅጹን ግን አትመው ላኩልኝና ደብተሩ ለእኔ ተረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የገበያ ጥናት ድርጅት ንጣት ለሚባል ሳሙና ይሠራል። ሳሙናው የስልክ አፕ አሠርቷል። ጨዋታ አለው፣ ሽልማት አለው፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ጭቃ ለጭቃ ይዘልበታል። የእኔ ሥራ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳ፣ በቡሬና በፈረስ ቤት እየዞርኩ ሰዉ ስልኩ ላይ ምን ምን አፕ እንዳለው፣ መቼና ለምን እንደሚከፍተው መዝግቦ ማቅረብ ነው። አለቃዬ ሃይለ ሚካኤል በስልክ «የገጠሩን ተጠቃሚ የሚያውቅ ሰው የለንም፤ አምለሰት፣ አንቺ ዓይናችን ነሽ» አለኝ። ፍኖተ ሰላምን ገጠር ሲላት አፌን ያዝኩ። ሥራ የሚሰጥ ሰው አይታረምም።

የቤት አከራዬ መሪጌታ ገብረሰንበት ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። «ሰው ስልኩ ላይ ያለውን እየጠየቅሁ እጽፋለሁ» አልኳቸው።

«እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ድሮም ነበሩ፤ ደመወዛቸው ግን ከመንግሥት ነበር» አሉና ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ገታ አድርገው ከአስተዳደሩ ደብዳቤ ሳልይዝ እንዳልወጣ አስጠነቀቁኝ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ገና አልተነሳም። ቅጽ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው አይወደድም።

መጋቢት 14፣ ሐሙስ፣ ማንኩሳ

መኪና እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው።

ሠላሳ አንድ ሰው ጠየቅኩ። ስልክ ያላቸው ሃያ ስድስት። ከነዚህ ተች ስልክ ያላቸው አሥራ አራት።

ቅጹ «አፕ ከየትኛው መደብር ያወርዳሉ?» ይላል። አንዱ «መደብር ምን ያደርግልኛል፤ ከአክስቴ ልጅ በዜንደር እቀበላለሁ» አለኝ። ዜንደር ያለ ዳታ ከስልክ ወደ ስልክ ማስተላለፊያው ነው። ሌሎች አምስት ሰዎች «ቡሬ ተስፋው ጋ እናስሞላለን» አሉ። ተስፋው ሚሞሪ የሚሞላ ባለ ሱቅ መሆኑ ነው።

እዚህ ማውረድ የለም። መቀባበል ነው ያለው። አዲስ አበባ በሚቆጥሩት ቁጥር ውስጥ እኛ የለንም ማለት ነው። ለሃይለ ሚካኤል ልነግረው ይገባል።

እናቴ ቤት ምሳ በላሁ። «ሰው ስልኩን ምን ያደርግበታል ብሎ መጠየቅ ሥራ ነው?» አለችኝ። መኪናው መጣ።

መጋቢት 18፣ ሰኞ

ነገርኩት። ሃይለ ሚካኤል ሰማኝና «ይኼማ ትልቅ ግኝት ነው!» አለ። ደስ አለኝ፤ ምን ያደርጋል፣ መመስገን እወዳለሁ። ከዚያ ሥራው ተለወጠ። ሰዉ የማያወርድ ከሆነ እኔው በዜንደር ልጭንለት ነው። እስከ ሰኔ መጀመሪያ ስድስት መቶ ስልክ ላይ። ለሚጫንለት ሁሉ አንድ ሳሙና ይሰጠዋል። ስድስት መቶ ከሞላ ከሰኔ 12 ጀምሮ አዲስ አበባ ቋሚ ቦታ አለኝ፤ ጠረጴዛና ወንበር ያለው።

አንድ ችግር አለ። አፑ አርባ ስምንት ሜጋ ነው። የእኛ አገር ስልክ ደግሞ በመዝሙር፣ በመንዙማና በልጅ ፎቶ ጢም ያለ ነው።

«ቦታ ከሌለስ?» አልኩት።

«አጽጂላቸው» አለ።

በሙያው ቋንቋ ማጽዳት ማለት የማያስፈልገውን ከስልኩ ማጥፋት ነው። ቃሉን ወደድኩት። ከሳሙና ጋር ይሄዳል።

መጋቢት 21፣ ሐሙስ፣ ቡሬ

ቀኑን ሙሉ ተስፋው ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ ዋልኩ። ሳሙናው ሰው ጠራልኝ። አርባ ሦስት ስልክ ላይ ጫንኩ፤ በአንድ ቀን ይህን ያህል ጭኜ አላውቅም።

ለሪፖርቱ የሚሆን ነገርም አገኘሁ። ወንዶቹ ፌስቡክ ይከፍታሉ፣ ያውም ዳታ እንዳይበላ ያለ ፎቶው። ሴቶቹ በምስል የሚደወልበት ኢሞ ነው፤ አንድ ዘመድ ዓረብ አገር የሌለው ቤት የለም። የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ያለው የቀን መቁጠሪያ ግን ሁሉ ጋ አለ። ጨዋታ የሚከፍት ጎልማሳ አንድም አላየሁም። እኔ ሳሙና ሻጭ ብሆን የሚዘለውን ሰውዬ ትቼ የበዓል ዋዜማ የሚያስታውስ ሁለት ሜጋ ነገር አሠራ ነበር። ለበዓል የማያጥብ ቤት የት አለ?

እትዬ ናዚፋን ያገኘኋቸው ከሰዓት ነው። በርበሬ ይነግዳሉ፤ መደባቸው ከተስፋው ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ቅጹን አነበብኩላቸው። «ስልክዎን በአብዛኛው ለምን ይጠቀሙበታል?»

«ለዓቢዳ» አሉ።

ከምርጫዎቹ ውስጥ ዓቢዳ የለችም። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ዓቢዳ አንዲት ልጃቸው ናት። ዓረብ አገር ሰው ቤት ስትሠራ አራት ዓመቷ ነው። የምታርፈው ዓርብ ስለሆነ ሁልጊዜ ከጁምዓ በኋላ በኢሞ ትደውላለች። እትዬ ናዚፋ ፊደል ስላልቆጠሩ ፎቶዋን አይተው፣ ፎቶዋን ነክተው ነው የሚያናግሯት።

«ምሕረት ወጣ አሉ» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «ወረቀት የሌለው ሁሉ ሦስት ወር ሳይሞላ ያለ ቅጣት ወደ አገሩ ይግባ ተብሏል። ባለፈው ዓርብ ‹እማ፣ ልምጣ ወይስ ልቆይ?› አለችኝ። እኔ ሞኟ ‹ላስብበት› አልኋት። ቤቱ ክዳን ቀርቶታል፣ ምን ላብላት ብዬ እኮ ነው። አሁን አስቤ ጨረስሁ። ነገ ስትደውል የምነግራት አንድ ቃል ነው፤ ነይ።»

«ደግ አሰቡ» አልኳቸው። ከኋላቸው ሰልፍ ነበር። ስልኩን ሳየው ሞልቷል። «እትዬ፣ ስልክዎን ላጽዳልዎ?»

«አጽጂልኝ እንጂ የኔ ልጅ! የበርበሬ ብናኝ ገብቶበት ነው» አሉና መጥረጊያ ይሁንሽ ብለው የሻርፓቸውን ጫፍ ዘረጉልኝ።

ሳቄ መጣ። አላስረዳኋቸውም፤ ማን ጊዜ አለው? ብዙ ቦታ የያዘው ኢሞው ነበር። አጠፋሁት፣ ንጣትን ጫንኩ፣ ከዚያ ካሉት ዘፈኖች ጥቂት ቀንሼ አዲስ ኢሞ ከራሴ ስልክ አስተላለፍኩላቸው። ቁጥር ጠየቀ፤ ቁጥራቸውን አስገባሁ፤ ተከፈተ። እንዲያውም ከበፊቱ ፈጥኖ ይከፈታል። መስታወቱንም በሻርፓቸው ጠረግኩት፤ ሁለቱንም ዓይነት ጽዳት አገኙ። መርቀውኝ ሳሙናቸውን ይዘው ሄዱ።

መጋቢት 25፣ ሰኞ

መቶ ሠላሳ ስምንት ደረስኩ። ሃይለ ሚካኤል «ጀግና» ብሎ ጻፈልኝ። እግሬ አብጧል። ነገ ጅጋ፣ ከነገ ወዲያ እንደገና ማንኩሳ።

ሚያዝያ 2፣ ሰኞ፣ ቡሬ

እትዬ ናዚፋ ከመደባቸው ተነሥተው መጡ። ሁለት ዓርብ ሆናት፣ ዓቢዳ አልደወለችም።

«ፎቶዋም ከነበረበት የለም» አሉና ስልኩን ሰጡኝ። ኢሞውን ከፈትኩት። ባዶ ነው።

«ኔትወርክ ይሆናል እትዬ፤ ሰሞኑን አስቸግሯል» አልኳቸው።

«አንቺ ካልሽ» አሉ።

ኔትወርክ ያስቸግራል ማለት ውሸት አይደለም። ሳያስቸግር የዋለበት ቀን መቼ አለ? ተስፋው ከሱቁ ውስጥ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ሃያ ሰባት ጫንኩ።

ሚያዝያ 9፣ ሰኞ፣ ማንኩሳ

ለፋሲካ እናቴ ጋ ነኝ። ትናንት ወንድሜ ከሻሸመኔ ደወለ። እናቴ ስልኩን አፏ ላይ ለጥፋ «ትሰማኛለህ? ትሰማኛለህ ወይ ልጄ?» እያለች ስትጮህ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ዶሮው ከብዶኝ ነበር።

ሚያዝያ 19፣ ሐሙስ፣ ቡሬ

ተስፋው ዛሬ ሱቁ ባዶ ሲሆን ጠብቆ ነገረኝ። እንዳለኝ ልጻፈው።

«አምለሰት፣ የእትዬ ናዚፋን ኢሞ የከፈተችላቸው ዓቢዳ ናት፣ ልትሄድ ስትል፣ በራሷ ሲም። ሲሙ ካርድ ሳይሞላበት ቀርቶ ከሞተ ቆየ። ኢሞው ግን ስልኩ ላይ እስካለ ድረስ ይሠራ ነበር። አንቺ አጠፋሽውና አሁን በያዙት ቁጥር አዲስ ከፈትሽላቸው። ዓቢዳ የምትደውለው ለድሮው ነው። እሷ ስትደውል እዚህ አይጮህም።»

«የዓቢዳን ቁጥር ማን ያውቀዋል?»

«ማንም። ፎቶዋ ነበር ቁጥራቸው።»

«እሷስ የእናቷን የአሁኑን ቁጥር አታውቅም?»

«አራት ዓመት ሙሉ በኢሞ ሲያወሩ ምን ያደርግላታል?»

ተናደድኩበት። ያን ዕለት አጠገቤ ቆሞ ሲያይ ለምን አልተናገረም? «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የምታደርጊውን ታውቂያለሽ ብዬ» አለኝ።

ፌስቡክ ላይ በዓቢዳ ስም ፈለግኩ። ከሠላሳ በላይ ዓቢዳ አለች። ግማሾቹ ፎቷቸው አበባ ነው። ለአሥራ ሁለቱ ጻፍኩ። እትዬ ናዚፋ ማዶ ተቀምጠው በርበሬ ይመዝኑ ነበር። እጃቸውን አነሡልኝ። እኔም አነሣሁ።

ልነግራቸው ይገባ ነበር። ሁለት እርምጃ መንገድ ነው፤ መሻገር አቃተኝ።

ግንቦት 3፣ ሐሙስ፣ ፍኖተ ሰላም

ሁለት ሳምንት ቡሬ አልሄድኩም። እዚህም የሚጫን ስልክ ሞልቷል። የባጃጅ ነጂዎቹ ብቻ ሰባ ናቸው። አራት መቶ ዘጠና ሁለት።

ከአሥራ ሁለቱ ዓቢዳዎች አራቱ መለሱ። ሁለቱ የወሎ፣ አንዷ የጅማ፣ አንዱ ወንድ።

የመጀመሪያውን ሪፖርት ላክኩ። ሃይለ ሚካኤል አንዱን ዓረፍተ ነገር ለይቶ ወደደው። «እዚህ አገር ሰው አፕ አይመርጥም፤ ለሚያምነው ሰው ስልኩን ይሰጣል።» ለሳሙናው ባለቤቶች በትልቁ ጽፎ ሊያሳያቸው ነው። «ይኼ ወርቅ ነው!» አለኝ።

ለመሪጌታ ነገርኳቸው። መሸሸግ አልሆነልኝም፤ ሲያመሰግኑኝ ሰው ካልሰማልኝ አይጥመኝም።

«ወርቁስ እሺ፤ ሰሙን ማን ላይ አፈሰስሽው?» አሉኝ።

እንደ ልማዳቸው ሊጫወቱ ነው። ሳቅኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ግን ቃሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

ግንቦት 12፣ ቅዳሜ፣ ቡሬ

ሄድኩ። እትዬ ናዚፋ ከስተዋል። ምሕረቱ እየተጋመሰ መሆኑን ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። የየዓርቡን ነገር ነገሩኝ፤ ከጁምዓ ጀምረው እስከ መግሪብ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይውላሉ። ገበያተኛ ሲጠራቸው አይሰሙም።

«ታማ ይሆን?» አሉኝ። «ወይስ አሠሪዎቿ ስልኳን ነጥቀዋት ይሆን? አንቺ መቸም ታውቂያለሽ።»

«ደህና ናት እትዬ። ኔትወርኩ ነው።»

ይኸው እንደገና አልኩት። ያኔ መገመቴ ነበር። አሁን እያወቅኩ ነው።

ዓቢዳ የድሮውን ቁጥር የሆነ ቦታ ጽፋ ትታው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ቤታቸው ወስደው ከጓዳው በር ጀርባ አሳዩኝ። ከመሄዷ በፊት በእስክሪብቶ ጽፋዋለች። «እንዳይጠፋብኝ ብላ ነው» አሉ። አሥሩንም አሃዝ ገለበጥኩ። ለምን እንደምፈልገው አልጠየቁኝም።

ግንቦት 16፣ ረቡዕ

ደወልኩ። ጠራ! ሰውየው ፈረስ ቤት ያሉ ገበሬ ናቸው፣ ስማቸው ገነነ። ቁጥሩ ሞቶ ለእሳቸው ደርሷል።

ሐሳቤ ይህ ነው። ኢሞውን በድሮው ቁጥር ልክፈተው ብል ለዚያ ቁጥር ኮድ በመልእክት ይልካል። ኮዱ የሚደርሰው አያ ገነነ ስልክ ላይ ነው። ያችን ኮድ ከነገሩኝ የዓቢዳ ፎቶ ይመለሳል።

አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝና «ኮድ ንገረኝ የሚል ሁሉ ሌባ ነው ብለውናል፤ ደህና ዋይ» ብለው ዘጉት። ደግሜ ደወልኩ። አላነሡም።

ልክ ናቸው። እኔም ብሆን አልነግርም።

ግንቦት 25፣ ዓርብ

ዳታ ተዘግቷል፤ የተማሪዎቹ ፈተና እንዳይሾልክ ነው ይላሉ። ረመዳን ከገባ ሳምንት። ሥራ የለም፤ ተቀምጬ ሪፖርቱን እጨርሳለሁ።

ዛሬም ዓርብ ነው። ዳታ የለም፤ ስለዚህ ዛሬ ብቻ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። እንዲህ ብዬ ሳስብ ራሴን ያዝኩት። አፈርኩ።

ሰኔ 3፣ ቅዳሜ፣ ቡሬ

ዳታው ተከፈተ። ስድስት መቶ አሥራ አንድ። ሞላ። ሃይለ ሚካኤል ሰኞ ሰኔ 12 አዲስ አበባ ቢሮ እንድገኝ ነገረኝ። እናቴ ስትሰማ እልል አለች።

ከስድስት መቶ አሥራ አንዱ ስንቱን እንዳጸዳሁ፣ ከጸዳውም ውስጥ ስንቱ ኢሞ እንደነበረ አልመዘገብኩም። ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

የእትዬ ናዚፋን ስልክ «ላሠራልዎ» ብዬ ተቀበልኩ። ለሦስት ቀን አልኳቸው። ሲሰጡኝ እጃቸው ላይ ትንሽ ቆየ።

ሰኔ 6፣ ማክሰኞ፣ ፈረስ ቤት

ሌሊት ዘንቦ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪናው ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋነው። አያ ገነነን አፈላልጌ ያገኘኋቸው ከሰዓት ነው። ድንች ዘር ከሚሸጡበት አጠገብ ግንድ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። በስልክ ያናገርኳቸው እኔ መሆኔን ነገርኳቸው።

«ሌባ ይህን ሁሉ ጭቃ አይመጣም» አሉ። «ተቀመጪ። ደግመሽ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ስለ ሳሙናው፣ ስለ በርበሬው ብናኝ፣ ስለ ኢሞው፣ እኔ እንዳጠፋሁት። ለማያውቁኝ ሰው መንገር ቀላል ነው። ሳልጨርስ ፊታቸው ተለወጠ።

«ከዓረብ አገር ነው ያልሽኝ?»

«አዎ አያ።»

«ይህችን ሲም ከያዝሁ ዓመት አልሞላኝም። ከፋሲካ ወዲህ አንዲት ልጅ እየደወለች ‹እማ› ትለኛለች። ሦስት ጊዜ። ‹ተሳስተሻል እናቴ› እያልሁ ዘጋሁባት። በሦስተኛው ታለቅስ ነበር።» ጋቢያቸውን ከራሳቸው ላይ አወረዱ። «አንድ ቃል ብጠይቃት ምን ነበረበት? ማንን ፈልገሽ ነው ብላት?»

ቁጥሯ ስልካቸው ላይ እንዳለ ፈለግኩ። የመጣው ሁሉ «ያልታወቀ» ነው የሚለው።

ኢሞውን በእትዬ ናዚፋ ስልክ ላይ ከፍቼ የድሮውን ቁጥር አስገባሁ። የአያ ገነነ ስልክ ጮኸች። «ቁጥር እችላለሁ» ብለው ከለከሉኝና አራቱን አሃዝ እያንዳንዷን በጣታቸው እየተከተሉ ራሳቸው አነበቡልኝ። ተከፈተ። ከአፍታ በኋላ የዓቢዳ ፎቶ መጣ፤ ሰማያዊ ሻሽ ያደረገች ቀጭን ልጅ። ከጎኑ በቀይ ያልተነሡ ጥሪዎች ብዛት ተጽፏል። ከስሩ የድምፅ መልእክቶች አሉ። ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ድምፆቹ አልወርድ አሉ። ቢወርዱም የምሰማቸው እኔ አይደለሁም።

ስነሣ አያ ገነነ «ደግማ ብትደውል ምን ልበላት?» አሉኝ። የእትዬ ናዚፋን የአሁኑን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ሰኔ 8፣ ሐሙስ፣ ቡሬ

እትዬ ናዚፋ ፎቶዋን ሲያዩ ስልኩን ሳሙት። ጎረቤት ሊጠሩ ሲሉ «መጀመሪያ ድምፁን ይስሙ» አልኳቸው። ቤታቸው ገባን። በተራ ከፈትኩላቸው።

የመጀመሪያው። «እማ፣ ዓርብ እኮ ነው፣ ለምን አታነሺም?»

አራተኛው። «ተቆጣሽኝ እንዴ? ልምጣ ስላልሁሽ ነው?»

ሰባተኛው። «በድሮው ስልክ ደወልሁ። ሰውዬ አነሣ። ተሳስተሻል አለኝ።»

የመጨረሻው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት የተላከ ነው። ድምፅዋ የተረጋጋ ነው። «እማ፣ ገብቶኛል። አትምጪ ማለት ቢከብድሽ ነው ዝም ያልሽኝ። አልከፋኝም። እውነትሽን ነው፣ ባዶ እጄን መጥቼ ምን አደርጋለሁ። አዲስ ሰው ቤት ገብቻለሁ፤ ወረቀቴን አስተካከሉልኝ። ሁለት ዓመት ፈረምሁ። አይዞሽ።»

በእኛ አገር ልጅን አትምጪ አይሏትም፤ ዝም ይሏታል። ልጅቱ ዝምታውን እንደ አገሯ ነው የተረዳችው። ዝምታው ግን የእናቷ አልነበረም።

እትዬ ናዚፋ «ምሕረቱ እኮ ሁለት ሳምንት ይቀረዋል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ያኔ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ ኔትወርክ አልነበረም። ያን ዕለት ላጽዳልዎ ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ካወቅኩም ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው።»

አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። መግሪብ ደረሰ፤ አዛን ተባለ። ተነሥተው በቴምር አፈጠሩ። ለእኔም አንዲት ቴምር ሰጡኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ነገ ዓርብ ነው» አሉ። «ነይ።»

ሰኔ 9፣ ዓርብ፣ ቡሬ

ስምንት ሰዓት ገደማ ደወለች። እትዬ ናዚፋ ፎቶዋን ራሳቸው ነኩት። ምስሉ መጣ።

እናቷ የእኔን ነገር ይነግሯታል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልነገሯትም። «ስልኬ ታሞ ነበር» አሏት። ቀጥለው፣ ያለፈውን ሁሉ ሰምተው ሳለ፣ «ዓቢዳ፣ ነይ» አሉ።

«አሁን እማ?» አለች። እንደ መሳቅ ብላ ነበር የጀመረችው። «ፓስፖርቴ እኮ እነሱ ጋ ነው። ፈርሜያለሁ እኮ። ምነው ያኔ ባልሽኝ?»

«ያኔም ብዬሽ ነበር። አልደረሰሽም እንጂ።»

ከዚያ ስለ ጾሙ አወሩ፣ ስለ ቤቱ ክዳን፣ ዘንድሮ በርበሬው ስለ መወደዱ። ከዘጉ በኋላ እትዬ ናዚፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ቁጥር አዋቂ ነሽ። ሁለት ዓመት ስንት ዓርብ ነው?»

ቁጥር ሥራዬ ነው። ወዲያው መለስኩ። «መቶ አራት።»

«መቶ አራት» አሉ። ቀስ ብለው ደገሙት። «እንግዲያው መቶ አራቱንም ዓርብ እዚህ ተቀምጠሽ ስልኩን ትጠብቂልኛለሽ። ከሚመጣው ዓርብ ይጀምራል። ሌላ ካሳ አልፈልግሽም።»

ሽማግሌ አልጠሩም፣ ምስክር አላስቀመጡም። ስለ አዲስ አበባው ቢሮ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። «እሺ እትዬ» አልኩ።

ሰኔ 16፣ ዓርብ፣ ቡሬ

ሃይለ ሚካኤል ከሰኞ ጀምሮ ሲደውል ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሰጠው ጻፈልኝ። ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም። ተስፋው የሱቁን ግማሽ በረንዳ ለቅቆልኛል፤ ስልክ እሞላለሁ፤ ከማጥፋቴ በፊት እጠይቃለሁ፤ ደግሜ እጠይቃለሁ።

ዓቢዳ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ደወለች። አጠገባቸው ነበርኩ። መቶ ሦስት ይቀራል።